33 ምስልና አንድ ጥያቄ፦ የበተን ዲዛይን የጉዳይ ጥናት

በፈቃደኞች የምትተዳደር አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ፈልጋ ሥራው ለእኔ ደረሰኝ። ገጹ ብዙ ነገር አይሠራም። አንባቢ ይመዘገባል። መጽሐፍ ፈልጎ ያስይዛል። የመመለሻው ቀን ሲደርስበት ያራዝማል። ለዚህ ሁሉ የሚጫነው በተን ያስፈልገዋል። ስቆጥራቸው 11 ሆኑ።

እዚህ የምጽፈው ስለ እነዚህ 11 በተኖች ብቻ ነው። ዳታቤዙንና ሰርቨሩን ትቻቸዋለሁ። ጊዜዬን የበሉት በተኖቹ ናቸው። ዛሬም ሌላ ገጽ ስጀምር ትዝ የሚሉኝ እነሱ ናቸው።

የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ሥራውን ሲሰጡኝ፣ "በተኖቹ ገና ሲያዩአቸው ተጫኑኝ ተጫኑኝ የሚሉ ይሁኑ" አሉኝ። ይህቺ ቃል ውስጤ ቀረች። ጠፍጣፋ ሳጥን ላይ ቃል ጽፌ መተው አልፈለግኩም። ትንሽ ከፍ ያለ፣ ብርሃን ያረፈበት፣ ከሥሩ ጥላ ያለው በተን ታየኝ። ስለዚህ ጊምፕን ከፈትኩ።

ጊምፕ ነፃ የምስል ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጀመሩት። እኔ ለፖስተርና ለመጽሐፍ ሽፋን ስጠቀምበት ስለኖርኩ እጄ ለምዶታል። ፎቶሾፕ የሚጠቀም ሰውም ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ መሥራት ይችላል። የሜኑው ስም ይለያያል እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

የመጀመሪያው በተን

የጀመርኩት "ተመዝገብ" ከሚለው ነው። 180 በ48 ፒክስል የሆነ ሸራ ከፈትኩ። አራት ማዕዘን ሴሌክሽን (የሚቀባውን ቦታ የሚወስን ምርጫ) ያዝኩና ማዕዘኖቹን በ8 ፒክስል አዞርኳቸው። ከዚያ ግራዲየንት ቀባሁበት። ከላይ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ወደ ታች ሲወርድ ጠቆር የሚል።

ይህ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጥቁረት ለውበት ብቻ የገባ አይደለም። ዓይናችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ያምናል። ፀሐይም መብራትም ከላይ ነው። አናቱ የፈካ፣ ሥሩ የጠቆረ ነገር ስናይ "ወደ ላይ ወጥቷል" ብለን እናነበዋለን። ግራዲየንቱን ብትገለብጡት ያው ቅርጽ ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል። ስለዚህ ለተጫነው በተን ግራዲየንቱን ገለበጥኩት። ጽሑፉንም አንድ ፒክስል ብቻ ወደ ታች አወረድኩት። አንድ ፒክስል ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ሁለቱን ምስሎች እያፈራረቅኩ ሳያቸው በተኑ በጣት ሲጫን ታየኝ። ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀጥሎ ጽሑፉ መጣ። ጊምፕ ውስጥ ጽሑፍን መሀል ላይ የሚያሰልፍ መሣሪያ አለ። ተጠቀምኩበት። ቃሉ ግን ወደ ታች ያዘነበለ መሰለኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። በኋላ 400 በመቶ አጉልቼ ሳየው ገባኝ። መሣሪያው የሚያሰልፈው ፊደሎቹን ሳይሆን የጽሑፉን ሳጥን ነው። ሳጥኑ ደግሞ ፎንቱ ለመስመሩ የያዘውን ባዶ ቦታ ይጨምራል። ከፊደሎቹ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከበታቹ ካለው በልጦ ነበር። ሳጥኑ መሀል ላይ ነው፣ ፊደሉ አይደለም። በኪቦርዱ ቀስት ሁለት ፒክስል ወደ ላይ ገፋሁት። ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ማሰለፊያውን ለመነሻ ብቻ እጠቀምበታለሁ፤ ለመጨረሻው ዓይኔን ነው የማምነው።

ጥላውንም ጨመርኩ። ጥላ ስትጨምሩ ምስሉ ራሱ እንደሚያድግ ልብ በሉ። 48 ፒክስል የነበረው በተን ከነጥላው 54 ሆነ። ገጹ ላይ ሳስቀምጠው ከጎኑ ካለው የፍለጋ ሳጥን ጋር አልስተካከል አለ። ለካ ብራውዘሩ የሚያውቀው የምስሉን ቁመት ነው። የቱ በተን፣ የቱ ጥላ እንደሆነ አይለይም። ጥላውን የሚነካ ሰውም በተኑን እንደነካ ይቆጠራል።

ለእያንዳንዱ በተን ሦስት መልክ ሠራሁ። አንዱ የተለመደው ነው። ሁለተኛው ማውስ ሲያርፍበት ፈካ የሚለው ነው። ሦስተኛው የተጫነው ነው። 11 ሲባዛ በ3፣ 33 ምስል። ስጨርስ የመጀመሪያውን በተን ብቻ ሌየሮቹን (ጽሑፉ፣ ቀለሙና ጥላው ለየብቻ የተሳሉባቸውን ተደራራቢ ንብርብሮች) እንደያዘ አስቀመጥኩ። የቀሩትን ሌየሮቻቸውን አዋሕጄ ፒኤንጂ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት አወጣኋቸው። የዚህን ጉዳት ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ነጩ መስመር

ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ነገር ከግርጌው ነው። የገጹ ግርጌ ጥቁር ሰማያዊ ነው። እዚያ ያሉት ሁለት በተኖች ዙሪያቸውን በጠመኔ የተሰመረባቸው ይመስላሉ። ከላይ፣ ነጩ ቦታ ላይ ያሉት ግን ንጹሕ ናቸው።

ምስሉን 800 በመቶ አጉልቼ ማዕዘኑን አየሁት። የተጠማዘዘ ጠርዝ በፒክስል ሲሳል ደረጃ ደረጃ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ይህንን ለማለስለስ ጠርዙ ላይ ያሉትን ፒክስሎች ያዋሕዳል። ግማሽ ብርቱካናማ፣ ግማሽ ከኋላው ያለው ቀለም። እኔ የሳልኩት ነጭ ሸራ ላይ ነበር። ስለዚህ ጠርዙ ከነጭ ጋር ተዋሕዷል። በኋላ ነጩን መርጬ ሰረዝኩት። የተሰረዘው ንጹሑ ነጭ ብቻ ነው። ግማሽ ነጭ የሆኑት ፒክስሎች በቦታቸው ቀሩ። ነጭ ገጽ ላይ ማንም አያያቸውም። ጥቁር ላይ ሲያርፉ ግን ያፈጣሉ።

መፍትሔው ከመጀመሪያው ባዶ፣ ከኋላው ያለውን የሚያሳልፍ ሌየር ላይ መሳል ነው። ጊምፕ ባዶነቱን በግራጫና በነጭ ዳማ ያሳያችኋል። በዚህ መንገድ ሲሳል የጠርዙ ፒክስል "ግማሽ ብርቱካናማ፣ ግማሽ ባዶ" ይሆናል። ከኋላው ምንም ቀለም ቢመጣ ይዋሐዳል። ፒኤንጂ ለእያንዳንዱ ፒክስል 256 የማሳለፍ ደረጃ መያዝ ይችላል። ጂፍ ግን ሁለት ብቻ ነው የሚያውቀው፦ አለ ወይም የለም። ጄፔግ ደግሞ ጭራሽ ማሳለፍ አያውቅም። ከፊደሎቹ ዙሪያም ቆሻሻ የመሰለ ነጠብጣብ ይተዋል። በተን በጄፔግ አታውጡ።

ሌላው ችግር ብልጭታው ነበር። ማውስ ሲያርፍ የሚመጣው ምስል አስቀድሞ አይወርድም። ብራውዘሩ የሚጠይቀው ማውሱ ሲደርስ ነው። ኢንተርኔቱ ቀስ ካለ በተኑ ለአፍታ ይጠፋና ይመለሳል። ለዚህ የቆየ መላ አለ። ሦስቱን መልኮች በአንድ ረጅም ምስል ላይ ደርድሮ፣ የሚታየውን ክፍል ማንሸራተት ነው። ስፕራይት ይባላል። ስሙ ከቪዲዮ ጌም የመጣ ነው። ድረ ገጽ ላይ በሰፊው ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ዴቭ ሺ የተባለ ዲዛይነር ነው። ሠራሁት፤ ብልጭታው ጠፋ።

ጥያቄው

ገጹ ከወጣ በአራተኛው ቀን ኃላፊዋ ደወሉ።

"ልጄ፣ ገጹ በጣም አምሯል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። 'ተመዝገብ' ስትል ሴቶቹ የት ይግቡ?"

ዝም አልኩ። "ልክ ብለዋል እትዬ፤ አላሰብኩበትም" አልኳቸው።

"ትልልቅ ሰዎችም አሉን። እነሱንም 'ግባ፣ ውጣ' ማለት ደስ አይልም።"

እውነታቸውን ነው። አማርኛ ትእዛዝ ሲሰጥ ወንድና ሴትን ይለያል። አንተንና እርስዎንም ይለያል። በአንዲት ቃል ውስጥ ሁሉም አለ። ከ11 በተኖች ዘጠኙ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የተጻፈባቸው ነበሩ። "መነሻ" እና "እገዛ" ብቻ ተረፉ። "ግባ" ወደ "ይግቡ" ይዙር፣ "ፈልግ" ወደ "ይፈልጉ"፣ "አስተያየት ስጥ" ወደ "አስተያየት ይስጡ"። ወደ ኮምፒውተሬ ሄድኩ። ፋይሎቹን ስከፍት ከመጀመሪያው በተን በቀር ጽሑፉ ከቀለሙ ጋር ተዋሕዷል። ፊደሉን ነክቼ የምለውጥበት ሌየር የለም። የቀሩት ስምንት በተኖች በሦስት መልክ፣ 24 ምስል እንደገና ከዜሮ።

ሠራኋቸው። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። "አስተያየት ይስጡ" 180 ፒክስል ውስጥ አልገባ አለ። ፊደሉን ሳሳንሰው ደግሞ ከሌሎቹ ተለየ። ሳጥኑን ልሳበው ብል የተዞሩት ማዕዘኖች ተለጠጡና እንቁላል መሰሉ። ሁለተኛው ሌሊት ላይ አንድ ነገር ቁርጥ ብሎ ታየኝ። ችግሩ የሥራው ብዛት አልነበረም። ቃል በባሕርዩ የሚለወጥ ነገር ነው። እኔ ደግሞ የማይለወጥ ነገር ውስጥ ቀብሬዋለሁ።

በዚያው ሳምንት ሌላም ተሰማ። ከአንባቢዎቹ አንዱ ዓይነ ስውር ናቸው። ስልካቸው ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ያነብላቸዋል። የምዝገባውን በተን ሲነኩት ድምፁ ያላቸው "በተን ሰባት ፒኤንጂ" ነው። የፋይሉን ስም እያነበበላቸው ነበር። ለሶፍትዌሩ ምስል ምስል ነው፤ በውስጡ የተሳለው ፊደል አይታየውም። ለምስሉ ተለዋጭ ጽሑፍ፣ ማለትም በምስሉ ፈንታ የሚነበብ ቃል፣ መስጠት ነበረብኝ፤ ረስቼዋለሁ። ይህ ከነጩ መስመርም ከብልጭታውም በላይ አሳዘነኝ። መስመሩ የሚያስቀይመው ዓይንን ነው። ይህኛው ግን አንድን ሰው ከበር መልሶታል።

ስልኮቹም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 አይፎን 4 ከወጣ ወዲህ ስልኮች በአንድ የገጽ ፒክስል ቦታ አራትና ከዚያ በላይ ትናንሽ ፒክስሎች ይይዛሉ። የእኔ 180 ፒክስል እዚያ ላይ ሲለጠጥ ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ። ዙሪያው ያለው ተራ ጽሑፍ ግን ጥርት እንዳለ ነው። ኃላፊዋ ገጹን አጉልተው ስለሚያነቡ እሳቸው ኮምፒውተር ላይም ያው ነበር።

ቀለሙን መለካት

ሁሉንም በሌላ መንገድ እንደገና ከመሥራቴ በፊት ቀለሙንም መረመርኩ። ነጭ ፊደል በብርቱካናማ ላይ ውስጤን ከነከነኝ። የበተኑን ቅጂ ጊምፕ ውስጥ ወደ ግራጫ ለወጥኩት። ቃሉ ከጀርባው ጋር ሊቀላቀል ምንም አልቀረውም። ይህ ቀላል ፈተና ነው፤ ማንም ሰው ባንድ ደቂቃ ይሠራዋል።

ከዚያ በቁጥር ለካሁት። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ንፅፅር (በፊደሉና በጀርባው መካከል ያለ የብርሃን ልዩነት) ይጠይቃል። ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 ይበቃል። ልኬቱ ከ1 እስከ 21 ይሄዳል፤ 21 ጥቁርና ነጭ ነው። የቀለም መምጠጫውን በተኑ ላይ አሳረፍኩት። ቀይ 245፣ አረንጓዴ 130፣ ሰማያዊ 32 አለኝ። ከነጭ ጋር ሲሰላ 2.6 ለ1 ብቻ ይመጣል። ለትልቅ ጽሑፍ እንኳ አይበቃም።

ግራዲየንት ያለው በተን ሲለካ የት እንደሚለካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሥሩ ጠቆር ስላለ እዚያ ጥሩ ቁጥር ታገኛላችሁ። መለካት ያለበት ግን ፊደሉ የሚነካው በጣም የፈካው ቦታ ነው። እኔ የአናቱን ቀለም ወደ 176፣ 74 እና 0 አወረድኩት። ከነጭ ጋር 5.5 ለ1 ገደማ ሆነ። ብርቱካኑ ጠፍቶ ወደ ጡብ ቀለም ሄደ። ኃላፊዋ መጀመሪያ ቅር አላቸው። ስልካቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ሲወጡ ግን አዲሱን መረጡ።

ሁለተኛው ዙር

በዚህ ዙር ጊምፕን አልተውኩትም። ሥራውን ቀየርኩለት። በተኑን ማምረቱን ትቶ የበተኑን መልክ መወሰኛ ሆነ።

አንድ ፋይል ከፈትኩ። ለእያንዳንዱ መልክ አንድ የሌየር ቡድን ሠራሁ። ሦስቱ አምስት ሆኑ። የተጨመሩት በኪቦርድ ሲደረስበት የሚታየውና ሥራ ላይ ያልሆነው ናቸው። ኪቦርድ ብቻ የሚጠቀም ሰው የት እንደቆመ ካላየ ገጹ ውስጥ ይጠፋል። ለእሱ በተኑን ሁለት ፒክስል ባዶ ትቶ የሚከብ ወፍራም መስመር ሳልኩ። ማውስ ሲያርፍ የሚፈካው መልክ በተቃራኒው ስልክ ላይ ብዙም አይረባም። ጣት ሳይነካ ማንዣበብ ስለማይችል ወሳኝ ነገር አልጫንኩበትም። ከሥር ሁለት ጀርባ አደረግኩ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ። እያጠፋሁና እያበራሁ ሁለቱም ላይ አየሁት።

ደስ ሲለኝ ከምስሉ ላይ ልኮቹን አነበብኩ። የማዕዘኑ ዙር 8። ከፊደሉ ግራና ቀኝ 24 ፒክስል ክፍተት፣ ከላይና ከታች 12። ሁለቱ የግራዲየንት ቀለሞች። ጥላው 2 ፒክስል ወደ ታች። እነዚህን ወደ ሲኤስኤስ፣ የድረ ገጽን መልክ ወደሚወስነው ቋንቋ፣ ወሰድኳቸው። የዛሬ ብራውዘሮች ዙሩንም፣ ግራዲየንቱንም፣ ጥላውንም ያለ ምንም ምስል ራሳቸው ይስላሉ። ቃሉ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ከላይ ይቀመጣል። ጥላውም በተኑን አያሳድገውም፤ ከፍለጋ ሳጥኑ ጋር ያለው አለመስተካከል በዚሁ ተፈታ።

በጣም የወደድኩት ክፍል ማመሳከሩ ነበር። ብራውዘሩ የሳለውን በተን ስክሪንሾት አነሳሁት። ጊምፕ ውስጥ ካለው ዲዛይኔ ላይ ደረብኩት። የላይኛውን ሌየር ሞድ "ዲፈረንስ" አደረግኩት። ይህ ሞድ አንዱን ምስል ከሌላው ይቀንሳል። አንድ የሆኑበት ቦታ ድቅድቅ ጥቁር ይሆናል። የተለያዩበት ያበራል። ስደርበው መላው በተን ጠቆረ። ከሥሩ ግን ቀጭን ግራጫ ጨረቃ የመሰለ ነገር ቀረ። ጥላው ነው። ጊምፕ ላይ የሰጠሁትን የብዥታ ቁጥር እንዳለ ነበር የገለበጥኩት። ሁለቱ ብዥታን የሚቆጥሩት በአንድ መንገድ አይደለም። ቁጥሩን ሲኤስኤሱ ላይ እየጨመርኩ ስክሪንሾት አነሳሁ። በሦስተኛው ጨረቃዋ ጠፋች። የፊደሎቹ ጠርዝ ላይ ትንሽ ብርሃን ቀርቷል። ብራውዘሩና ጊምፕ ፊደልን የሚያለሰልሱት በየራሳቸው መንገድ ስለሆነ እሱን ተውኩት።

የፍለጋው በተን ላይ ያለችውን አጉሊ መነጽር ኢንክስኬፕ በሚባል የመሳያ ሶፍትዌር እንደገና ሳልኳት፣ በኤስቪጂ። ኤስቪጂ በፒክስል ፈንታ መስመሩን ራሱን ስለሚያስቀምጥ የትኛውም ስልክ ላይ አይደበዝዝም። መጽሐፍ ዝርዝሩ ውስጥ የነበረውን የስረዛ በተንም አሳደግኩት። ቁመቱ 20 ፒክስል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የተደራሽነት መመሪያው እትም ለሚነካ ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይላል። አፕል ደግሞ 44 በ44 ነጥብ ይመክራል። 44 አደረግኩት። መጽሐፍ ላራዝም ብሎ በስህተት የሰረዘ ሰው ስለነበረ ይህ ለነገ የሚባል አልነበረም።

ከ33ቱ የበተን ምስሎች አንድም አልቀረም። በምስልነቱ የቀረው ከላይ ጥግ ላይ ያለው የቤተ መጻሕፍቷ አርማ ብቻ ነው። በእጅ የተሳለ፣ የቀለም ብሩሹ ጭረት የሚታይበት ሥራ ነው። እሱን ኮድ አይስለውም። በሁለት መጠን አወጣሁት፣ አንዱ ለተራ ስክሪን፣ አንዱ እጥፍ። ተለዋጭ ጽሑፍም ሰጠሁት፦ "ወደ መነሻ ገጽ"። የዋናው ፋይል ሌየሮችም በቦታቸው ናቸው፤ አላዋሐድኳቸውም።

ዓይነ ስውሩን አንባቢ እንዲሞክሩልኝ ጠየቅኳቸው። ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጉት። "ይመዝገቡ፣ አዝራር" አለ። ሁለት ቃል ነው። ሁለታችንም ሳቅን።

ከወራት በኋላ ኃላፊዋ "ያስይዙ" የሚለው ለአዲስ አንባቢ ግልጽ እንዳልሆነ አዩ። ማስተካከያ ገጹን ከፍተው "መጽሐፉን ያስይዙ" ብለው ጻፉት። በተኑ በራሱ ሰፋ፤ ማዕዘኖቹ እንደተዞሩ፣ ጥላው ከሥሩ እንዳለ። እኔ የሰማሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ በሌላ ጉዳይ ስደውልላቸው።